ከወይዘሮ ዘይነባ ትራስ ያመለጠች በሽተኛ

ኢትዮጵያዊ በሚኖርበት አገር ሁሉ፣ በሽተኛ ጠይቆ ሳይሆን አስተኝቶ የሚሄድ አንድ ሰው አይጠፋም። በሪያድ፣ በዑድ ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ዘይነባ ነበሩ። ሰው ካስነጠሰ ቀድመው ይደርሳሉ፤ በአንድ እጃቸው የሾርባ ፔርሙዝ፣ በሌላው ትራስ። ከቤቱ ትራስ ይዞ በሽተኛ የሚጠይቅ ከሳቸው በቀር ታይቶ አይታወቅም። «በሽተኛ ተኝቶ ነው የሚድነው» ይላሉ፤ ያቺን ካሉ ኸላስ፣ ይግባኝ የለም። ሙሄ የሚባለውን ጎረቤታቸውን ጥርሱን ቢያመው ሦስት ቀን አስተኝተውት፣ ጥርሱ ድኖ ወገቡ ታመመ ይባላል።

ጎረቤታቸው ብርቄ ሳንባዋ ላይ ካንሰር የተገኘባት የባጥሐ ሰፈር ለባቡር መንገድ በተቆፈረበት ሰሞን ነው። የታመመው ቦታ ተቆርጦ ይወጣል ተባለች። ትንፋሿ ግን ደካማ ነበር። ስለዚህ የሆስፒታሉ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ፣ አንዲት ሱዳናዊት፣ ለሦስት ሳምንት ደረጃ እንድትወጣና እንድትራመድ አዘዘቻት፤ አየር ሲስቡባት ሦስት ኳሶች የሚነሱባት የፕላስቲክ ዕቃም ሰጠቻት። በመጨረሻ ለፈተና በሆስፒታሉ ኮሪደር ስድስት ደቂቃ ትራመዳለች። ካልበረታች ኦፕራሲዮኑ ይቀራል።

ብርቄ ደግሞ እንቢ ማለት የማታውቅ ዓይን አፋር ናት። ወይዘሮ ዘይነባ ዘጠኝ ሴቶች አስከትለው ቤቷ ሲገቡ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስበው ሲያለብሷት፣ ኳሶቹን «ሳንባ ያደክማሉ» ብለው ቁም ሣጥን ላይ ሲሰቅሉባት፣ «እሺ እትዬ» ብቻ አለች። እሺ እንዳለች አራት ቀን አለፈ።

በአምስተኛው ቀን፣ ወይዘሮዋ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ሲሄዱ ጠብቃ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ሕንፃው ደረጃ ሾለከች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ብረቱን ይዛ ስታለከልክ፣ ሰግደው የተመለሱት ወይዘሮ ዘይነባ ከታች ደረሱባት። ወዴት እንደምትሄድ ጠየቋት።

«እትዬ፣ ከተኛሁ ኦፕራሲዮኑ ይቀራል» አለች ብርቄ፣ ወለሉን እያየች። «ካንሰሩ እዚያው ሊቀመጥ ነው።»

ወይዘሮ ዘይነባ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ወደ ላይ የቀሩትን ደረጃዎች በጣታቸው ቆጠሩ።

«ጠያቂ ቤት ውስጥ ይቀመጥ ያለው ማን ነው?» አሉ በኋላ።

በማግስቱ ጥየቃው ወደ ደረጃው ተዛወረ። «እንዴት አደርሽ» አንደኛ ፎቅ ላይ፣ «ምሕረቱን ያምጣልሽ» ሁለተኛው ላይ ሆነ። ከሴቶቹ አንዷ ታደለች ታች ቆማ ስለ አሠሪዋ ማዳም ቤት ጠብ ወሬ ትጀምራለች፤ የብርቄ ልብ ሲሰቀል ታቋርጠዋለች። የወሬው መጨረሻ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሌላዋ ጠያቂ አይሻ ዘንድ ነው። ሾርባው ጣሪያ ላይ፣ ከወይዘሮ ዘይነባ ጋር። «ያላ፣ ቶሎ በይ፣ እየቀዘቀዘ ነው» የሚል ድምፅ ከላይ ይወርዳል። ፓኪስታናውያኑ ተከራዮች ሠርግ ያለ መስሏቸው እየተሽለኮለኩ «መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ» ይሉ ነበር። ኳሶቹም ከቁም ሣጥን ወርደው ጣሪያ ላይ ወጡ፤ ሦስቱም ካልተነሱ ፔርሙዙ አይከፈትም።

የፈተናው ቀን ባለሙያዋ ሰዓቷን ይዛ ቆመች። ወይዘሮ ዘይነባ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ የታደለችን ወሬ መጨረሻ ይዘው ቆመው ነበር። ብርቄ ስድስቱን ደቂቃ ጨረሰች። በሳምንቱ ቀዶ ጥገናው ተደረገላት።

በማግስቱ ጠዋት ባለሙያዋ ከአልጋ አስነስታ ልታራምዳት መጣች። ወይዘሮ ዘይነባ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ትራሳቸውን አቅፈው ያንኮራፋሉ። ጉልበታቸው አብጦ ዳቦ አክሏል። ብርቄ ያየችው ገና አሁን ነው፤ ለካ በየቀኑ፣ ፔርሙዝ ተሸክመው፣ ከሷ ቀድመው ያን ሁሉ ደረጃ የሚወጡት በዚህ ጉልበት ኖሯል።

ባለሙያዋ መንገድ እንዲለቁ ልትቀሰቅሳቸው እጇን ዘረጋች። ብርቄ ቀስ ብላ ያዘቻት።

«ተያቸው፣ እህቴ» አለቻት በሹክሹክታ። «በሽተኛ ተኝቶ ነው የሚድነው።»

የግሉኮሱን መስቀያ ይዛ፣ ወንበሩን ዞራ፣ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።