የጎመን በርሜል ደወልን ስለመበየድና በአረቄ ስለማጽዳት የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ኅዳር 5
ቦታ፦ ዶብሪ ፖቶክ መንደር፣ የሬዲዮ ክበብ (ከኅብረት ሥራው የጎመን ምድር ቤት ጎን)
የተገኙ፦ አቶ ኦብራድ፣ ሰብሳቢ፤ አቶ ቶዶር፣ ምክትልና የሰብሳቢው አበልጅ፤ ሬሊያ ዳቦ ጋጋሪው፣ አዲስ አባል፤ ኔቬና፣ ጸሐፊ።

ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው በአራት ሰው ነው። ጸሐፊዋ እሷ ባትቆጠር ደስ እንደሚላት ብትገልጽም ተቆጥራለች። ስብሰባው በ10 ሰዓት ተከፈተ።

አጀንዳ 1፦ የክፍላችን ጉዳይ
የኅብረት ሥራው ኃላፊ ወይዘሮ ቪዶሳቫ ክፍሉን ከነገ ጀምሮ ለበርሜል ማስቀመጫ እንደሚፈልጉት፣ ክበቡ ለመንደሩ አንድ ጥቅም ካሳየ ግን እንደሚተዉት ሰብሳቢው አስታወሱ። ስለዚህ ጎመን በጨው ውሃ ከሚዘፈዘፍበት በርሜል ውሃው ፈስሶ ሁለት ሽቦዎች ሲያገናኝ የሚጮህ ደወል ዛሬውኑ እንዲሠራ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሰብሳቢው፣ “ከዚህ ካስወጡኝ ቀኑን ሙሉ ከባለቤቴ ጋር ልቀመጥ ነው?” ሲሉ ጠየቁ።

አጀንዳ 2፦ ብየዳ
ሬሊያ ስታኞውን፣ ማለትም የብየዳውን ማቅለጫ፣ በጋለው ብረት ጫፍ አቅልጦ ሽቦው ላይ አንጠባጠበ። አቶ ቶዶር፣ “ዳቦ ላይ ቅቤ የምትቀባ መሰለህ? መጀመሪያ ሽቦውን አሙቀው፣ ስታኞው ራሱ ይገባል” አሉት። እንደተባለው ቢያደርግ መጋጠሚያው አብረቀረቀ። እፍ ሊልበት ሲያጎነብስም፣ “ሾርባ አይደለም! ሳትነካው ይብረድ” ተብሏል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ መሸፈኛ ቱቦው ከብየዳ በፊት ሽቦው ላይ እንዲጠልቅ ተወሰነ። ውሳኔው የተላለፈው ከብየዳ በኋላ በመሆኑ ብየዳው ተፈትቶ እንደገና ተሠራ።

አጀንዳ 3፦ ጽዳት
ብየዳ የሚተወውን ዝፍት በፕሪም አረቄ መጥረግ የክበቡ ልማድ ነው። በማን አረቄ የሚለው ግን አከራከረ።
“አበልጄ፣ ያንተ አረቄ እንኳን ዝፍት፣ መስኮትም አያጸዳም” አሉ ሰብሳቢው።
“ያንተንማ ተርብ ጠጥታው ቀጥ ብላ ቤቷ ትገባለች!” አሉ አቶ ቶዶር።
ቴክኒካዊ ምርመራ ታዘዘ። ሁለቱም ጠርሙሶች ተቀመሱ። ውጤቱ ግልጽ ስላልነበረ ምርመራው ተደገመ። በመጨረሻ የአቶ ቶዶር አረቄ ተመርጦ ሬሊያ ሥራውን አጠበበት።

ከዚያ በኋላ አቶ ቶዶር ለሳል ብለው ማር እንደጨመሩበት ለጉባኤው አስታወቁ። የተጣበቀው ማር ሽቦዎቹን ስላገናኘ፣ ደወሉ ጠብታ ውሃ ሳይነካው መጮህ ጀመረ። ባትሪውን ለመንቀል ተሞከረ። ሬሊያ በአጀንዳ 2 በተሰጠው ትምህርት መሠረት በደንብ ስለበየደው አልተነቀለም። የሽቦ መቁረጫው ጠርሙስ ከተከፈተበት ወዲህ የት እንደገባ አልታወቀም።

መነጋገር ስላልተቻለ በእጅ ምልክት የሚከተሉት ተወሰኑ፦ የአቶ ቶዶር አረቄ ለዘላለም ታገደ፤ ሬሊያ ብረቱን እንዳይነካ ተደረገ፤ ደወሉ ወንዝ እንዲጣል ተባለ። ሰብሳቢው መጽሐፎቻቸውን በካርቶን ማሸግ ጀመሩ።

ድንገተኛ አጀንዳ
ወይዘሮ ቪዶሳቫ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ረጥበው ገቡ። ጩኸቱን ሰምተው በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ሮጠው ኖሯል፤ እውነትም አንዱ በርሜል ከሥሩ ተሰንጥቆ ጨው ውሃው ሲፈስ ደርሰው ወተፉት።
“በርሜሉ እዚያ፣ ሽቦው እዚህ ጠረጴዛ ላይ! እንዴት አወቀ?” ብለው ከደወሉ በላይ ጮኹ።
አቶ ቶዶር አፋቸውን ሲከፍቱ ሰብሳቢው እግራቸውን ረገጧቸው። “ቴክኒክ ነው፣ እመቤቴ” ሲሉም ጮኸው መለሱ።
“እንግዲያው ክፍሉ የእናንተ ነው። ይህን ደወል አስተካክላለሁ ብሎ የሚነካ ሰው ካለ ግን ውርድ ከራሴ!”

የመጨረሻ ውሳኔ
ቀደም ሲል የተወሰኑት ሁሉ ተሽረዋል። ሬሊያ የብየዳ ኃላፊ ሆነ። ደወሉ እንዳይጠገን፣ ይልቁንም በየቅዳሜው በዚያው የማር አረቄ እንዲቀባ ተወሰነ። ወይዘሮ ቪዶሳቫ ማንበብ ስለሚወዱ፣ ይህ ቃለ ጉባኤ እንዳልተጻፈ እንዲቆጠር ለጸሐፊዋ ተነግሯታል። ጸሐፊዋ ይህንንም ጽፋለች።

ስብሰባው የደወሉ ባትሪ ሲያልቅ፣ በ12 ሰዓት ተዘጋ።