የመምህሩ ድመት እና የኔ ብርጭቆ

እውቀት ጥሩ ነገር ነው ይላሉ። ይህን የሚለው ሰው የተማረ ጓደኛ የሌለው መሆን አለበት። እኔ አለኝ። የተማረ ጓደኛ ማለት ሻይህን በሰላም እየጠጣህ ሳለ ያልጠየቅከውን ነገር አንስቶ የሚያስረዳህ፣ አልገባህም ብሎ ሲያስብ ደግሞ የሚያዝንልህ ሰው ነው። ማስረዳቱንስ እችለው ነበር። ማዘኑ ነው የሚያቃጥለኝ! ማን እዘንልኝ አለው?

ቁጡ ነው ይሉኛል። ውሸት ነው። ማን ነው ያለው? እኔ የምቆጣው ሰው ሲያስቆጣኝ ብቻ ነው። ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ያስቆጣል፤ ታዲያ ይሄ የኔ ጥፋት ነው? መርካቶ፣ ሰባተኛ፣ ጃንጥላ በጅምላ እያከፋፈልኩ የምኖር ሰው ነኝ። ተካ ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። ጎኔ ያለው ሱቅ የከድር ነው፤ ብርድ ልብስ ይሸጣል፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሰው ላይ ይቀልዳል። ሦስተኛችን መምህር ታደሰ ነው። አብሮ አደጋችን ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን እኛ ዘንድ ይመጣና ከሱቃችን ማዶ ያለችው ሻይ ቤት እንቀመጣለን። በሳምንቱ ውስጥ ተማሪዎቹ ያልሰሙትን ትምህርት ሁሉ እኛ ላይ ያራግፋል።

የዚያን ቀን ግን ለትምህርት የሚሆን ልብ አልነበረኝም። በማግስቱ እሑድ ልጄን ሀናን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አንድ ልጅ ነው ያለችኝ! ባለቤቴ እቴነሽ ከዓርብ ጀምሮ ቤቱን ገልብጣዋለች። መጨረሻ ላይ የሻይ ብርጭቆዎቻችንን አንድ በአንድ እያነሳች አየቻቸውና፣ ጠርዙ በተሸረፈ ብርጭቆ አማቾቼ ፊት ልታዋርደኝ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የሸረፍኳቸው እኔ ነኝ እንዴ?  እቴነሽ ላይ ግን አልቆጣም፤ ሞኝ አይደለሁም።

ስለዚህ ከምሳ በኋላ ጋሼ ሳኒ ዘንድ ሄጄ አንድ ካርቶን የሻይ ብርጭቆ ከነማስቀመጫው ገዛሁ። ጋሼ ሳኒ የብርጭቆና የሳህን አስመጪ ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አነጋገራቸው ቀስ ያለ ነው። አንድ ደንብ አላቸው። ካርቶን በታሸገበት ይሸጣል፣ መጋዘኑ ውስጥ አይከፈትም። ወስደህ ሳትከፍት ሐሳብህን ከቀየርክ ግን ይመልሱልሃል። የሚጠይቁህ ጥያቄ አንድ ነው፤ “አልተከፈተም?” ይሉሃል። “አልተከፈተም” ካልክ በቃ፣ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም፣ ሌላ ያወርዱልሃል። ከከፈትከው ግን ያንተ ነው። ይህ ደንብ ከኔ ሱቅ ዕድሜ ይበልጣል። ወረቀት የለው፣ ማኅተም የለው፣ የቆመው በሰው ቃል ነው። የኔ ቃል ደግሞ እሳቸው ዘንድ ተጠርጥሮ አያውቅም፤ ይህን ስናገር ደረቴን ነፍቼ ነው።

ካርቶኑን አበራ ለሚባል ወዛደር አሸክሜ እኔ ቀድሜ ሻይ ቤት ገባሁ። እዚያ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ጥፋቱ የከድር ነው። ስልኬ ላይ ኳንተም ኳንተም የሚል ነገር በዛብኝ፣ አዲስ የሚገባ ዕቃ ነው እንዴ ብሎ መምህሩን ጠየቀው። መምህር ታደሰ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ስኳሩን ወደ ጎን ገፋና ጀመረ። ነገር ሁሉ የተሠራባቸው እጅግ ደቃቅ ነገሮች አሉ፣ ኳንተም የእነሱ ትምህርት ነው አለ። እነዚህ ነገሮች ሳታያቸው በፊት እዚህ ቦታ ናቸው ማለት አይቻልም፤ እዚህም እዚያም ሊሆኑ ይችላሉ። ልክ ስታያቸው ግን አንዱ ቦታ ላይ ብቻ ይገኛሉ።

ከድር ጠረጴዛውን መታና ይሄማ ደላላው ሙላት ነው አለ! ስትደውልለት አውቶቡስ ተራም ነው፣ ጎጃም በረንዳም ነው፣ “ደርሻለሁ፣ በሩ ላይ ነኝ” ይልሃል። የት እንደነበረ የሚታወቀው በዓይንህ ስታየው ብቻ ነው። መምህሩ በሳቅ ሻዩ ትን አለው። እንባውን እየጠረገ፣ ካስተማርኳቸው ተማሪዎች ሁሉ ቶሎ የገባህ አንተ ነህ አለው። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። አዘነልኝ!

ተናደድኩ። እንግዲያው ሱቄን ቆልፌ ቤቴ ስገባ ጃንጥላዎቼ የት ናቸው ብዬ ጮህኩ። ከድር ቀበል አድርጎ፣ ያንተ ጃንጥላዎች ዝናብ እስኪመጣ የሚያያቸው ስለሌለ የሉም አለኝ። በስተኋላችን የተቀመጡት ሳይቀሩ ሳቁ። ሰው በገዛ ጃንጥላው ይሳቅበታል?

መምህሩ ነገሩን ሊያበርደው ብሎ አባሰው። አንድ የውጭ አገር ሊቅ ምሳሌ ሰጥቷል አለ። ድመት ሳጥን ውስጥ ትገባለች፣ አብሯት መርዝ ይቀመጣል። መርዙ የሚፈሰው አንዷ ደቃቅ ነገር ከፈለገች ነው፣ ካልፈለገች አይፈስም። ሳጥኑ ይታሸጋል። እስኪከፈት ድረስ ድመቷ ሞታለችም አልሞተችምም ይባላል። እኔ ድመቷ ምን አደረገችው አልኩ። በሐሳብ ነው እንጂ የምር አይደለም አለኝ። በሐሳቡስ ቢሆን ምን አደረገችው? ሐሳብ ከሆነ አይቀር ወተት አይሰጣትም ነበር? ይሄ ሊቅ ሳይሆን ክፉ ሰው ነው፣ ከድመቷ ቤት አውጡት አልኩ። ከድር እየሳቀ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

የወደቀው ግን ሌላ ነው። አበራ በር ላይ ሲደርስ የተነቀለ ንጣፍ አደናቀፈውና ካርቶኑ ከትከሻው ተንሸራቶ ደረጃው ላይ አረፈ። ክሽሽሽ አለ።  አበራ አንስቶ በጥንቃቄ፣ አዎ ከወደቀ በኋላ በሚመጣው ጥንቃቄ፣ እግሬ ሥር አስቀመጠውና፣ ጋሼ ምንም አልሆነም፣ የጮኸው ካርቶኑ ነው አለኝ። ካርቶን ይጮሃል? ከየት አገር የመጣ ካርቶን ነው የሚጮኸው? ያላልኩት ነገር አልነበረም። ሰውየው ላቡን ጠርጎ ሄደ።

ካርቶኑን ነቀነቅኩት። ኪልኪል አለ። የሱቄን ቁልፍ አውጥቼ ፕላስተሩን ልቀድ ስል ከድር እጄን ያዘ። እንዳትከፍት አለ። ከከፈትከው ያንተ ነው፤ ካልከፈትከው ግን መምህራችን እንደነገሩን ብርጭቆዎቹ ተሰብረዋልም አልተሰበሩምም፣ ወስደህ ለጋሼ ሳኒ መልስ። እየቀለደ ይሁን እየመከረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከድርም የሚያውቅ አይመስለኝም።

መምህር ታደሰ ሳቁን አቆመ። ተካ፣ ተው፣ ቀልድ ነው አለኝ። ይሄ ነገር የሚሠራው ዓይን በማያያቸው ደቃቅ ነገሮች ላይ ነው፣ ብርጭቆ ላይ አይሠራም፤ ብርጭቆ ከተሰበረ አየኸውም አላየኸውም ተሰብሯል። ሂድና ወደቀብኝ በላቸው።

ደሜ ፈላ። ሙሉ ከሰዓት ፊዚክስ ሲግተኝ ቆይቶ ለኔ የሚጠቅምበት ቦታ ላይ ስንደርስ አይሠራም ይለኛል? ይሄ ትምህርት ነው ወይስ አንድ ቀን አብርቶ የሚጠፋ ባትሪ? ካርቶኑን ራሴ ተሸክሜ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። አልዋሽም፣ አልተከፈተም ነው የምለው። አልተከፈተማ! ሲወድቅ አይተሃል ወይ ተብዬ ከተጠየቅኩ እመልሳለሁ። ካልተጠየቅኩ ምን ላድርግ? ነገ ሽማግሌ የሚመጣበት ሰው ነኝ እኮ።

ጋሼ ሳኒ ዶቃቸውን እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ቀለሙን አልወደደችውም፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለውን ነው የምትፈልገው አልኳቸው። የምትፈልገው እንኳ ሙሉ ጠርዝ ያለውን ነበር። “አልተከፈተም?” አሉኝ። “አልተከፈተም” አልኩ። ሌላ አውርዱለት አሉ። ለልጄ እንግዶች ነው ብዬ ነግሬያቸው ስለነበር፣ ለልጅህ መልካሙን ሁሉ ያድርግላት ብለውም መረቁኝ። እንዴት ነው የተናደድኩባቸው! እስቲ ትንሽ ቢጠረጥሩኝ ምን አለበት? አንዴ እንኳ ነቅነቅ ቢያደርጉት ምናለ? ሰው እንዲህ ዓይኑን ጨፍኖ ያምናል?

እሑድ ደረሰ። ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ብርጭቆዎች አንድም ሳይሸረፍ ተደርድረዋል። ከድርና መምህር ታደሰ በኛ ወገን ሆነው ተቀምጠዋል። በሩ ተንኳኳ። ሀናን ሊያገባ የጠየቀው ልጅ አጎት ገባ፣ ሁለት ሰው ተከተለው፣ በመጨረሻ ነጭ ቆባቸውን ያደረጉ ሽማግሌ ገቡ። ጋሼ ሳኒ! የልጁ አባት የረጅም ዘመን ጎረቤት ናቸው ለካ። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት በፋሻ ተጠቅልሏል።

እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ጉዳያቸውን ተናገሩ፣ ተቀመጡ፣ ሻይ ቀረበ። ጋሼ ሳኒ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ጠርዙን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ጠጡ።  ሰው እንዲህ ሲያደርጋችሁ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ የማውቀው መቆጣት ብቻ ነው፤ ብድግ አልኩ። አንድ ልጄን ነው የምሰጠው፣ ስለ ልጁ የምታውቁት ጉድለት ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ፣ እያወቀ የሚደብቀኝን ሰው ይቅር አልልም ብዬ ቤቱን በጩኸት ሞላሁት።

የልጁ አጎት ደነገጠ። ጋሼ ሳኒ ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

ጉድለት አለ አሉ። ልጁ ከዚህ በፊት ሌላ ልጅ አጭቶ ነበር፣ ሳይስማሙ ቀርቷል። አጎቱ ይህን ባናነሳው ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የማውቀውን ደብቄ ለሰው አልሰጥም። ትናንት አንድ ሰው ካርቶን መለሰልኝ፣ ቀለሙን ሰው ካልወደደው ለቤቴ ላድርገው ብዬ ብከፍተው ስብርባሪ ነው። ስለቅም ይኸው እጄን ቆረጠኝ። እሱ እንኳ ቁስል ነው፣ ይድናል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ካርቶን የሚመልስልኝን ሰው ሁሉ ክፈት ልለው ነው፤ ይሄ ነው ያመመኝ አሉ።

እቴነሽ ጋለች። ማነው ያ ነውረኛ? ሽማግሌ የሚያታልል! ስሙን ይንገሩንና ሰፈሩ ይወቀው እንጂ አለች። ከድር ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። መምህር ታደሰ ስኳር ያልጨመረበትን ሻይ ያማስላል።

ጋሼ ሳኒ ፈገግ አሉ። ተይው ልጄ፣ ስሙን አላነሳም፣ ልጅ ሊድር ተቻኩሎ ነው አሏት።

እቴነሽ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሳናመላልሳቸው እሺ እንዳትል ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስትመክረኝ የከረመች ሴት ናት። እኔ ግን ዓይኗ ዓይኔ ላይ ሳይደርስ፣ ሰጥቻለሁ ብዬ ጮህኩ! ልጄን ሰጥቻለሁ፣ የሠርጉንም ቀን እናንተው ቁረጡ!

የልጁ አጎት ዘሎ አቀፈኝ። እንዲህ ያለ ልቡ ቀና ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም አለ። ሁሉም ብድግ አሉና ምርቃቱ ለጋሼ ሳኒ ተሰጠ። ፋሻ የታሰረበትን እጃቸውን ዘርግተው፣ ፈጣሪ ጎጇቸውን ያሙቅላቸው፣ ልጅቷንም ከአባቷ የተሻለች ያድርጋት አሉ።

ከሁሉም አስበልጦ “አሜን!” ብሎ የጮኸው መምህር ታደሰ ነው።