ዳምጤ ያሻሻለው ላፕቶፕ

አበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ፣ የሚሠራ ዕቃ ሲያይ እጁ አላርፍ የሚለው አንድ ሰው አይጠፋም። የተበላሸ የሚጠግን ሞልቷል፤ ይህኛው የሚጠግነው ያልተበላሸውን ነው። ለሱዳኗ ገዳሪፍ የደረሳት ክቡር ኢንጂነር ዳምጤ ነበር። ማዕረጉን የሰጠው ለራሱ ነው፤ ጎረቤቱ ሣህሊቱም ሳታጓድል ትጠራዋለች፣ በተለይ ስትናደድ።

ዳምጤ ገበያው ዳር ባለችው ጠባብ ሱቁ ስልክና ቴፕ ሲፈታ ይውላል። ደጃፍ ላይ ቆሞ «አዲስ እያለ በአሮጌ?» ካለ፣ ባለቤት ዕቃውን ይደብቃል። የጎረቤታቸውን የአብዱልናስርን ቬንትሌተር አሻሻለለት፤ ከዚያ ወዲህ መብራት ካልሄደ አይቆምም። የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ አሻሻለ፤ ቄሱ ስለ ጾም ሲያስተምሩ የኦምዱርማን ኳስ ጨዋታ በዐረብኛ ይተላለፍ ጀመር። እርግጥ ግማሹ ምእመን ቅር አላለውም። ከፋሽጋ እርሻ የመጣ ትራክተር ላይም የአውቶቡስ ጡሩንባ ገጠመ፤ ጡሩንባው በተነፋ ቁጥር የፊት መብራቱ ጥፍት ይላል። ባለ ትራክተሩ ሊጮህበት ቢመጣ «አየህ፣ ባትሪ ይቆጥባል!» ብሎ አቀፈው።

ከዚያ የሣህሊቱን ላፕቶፕ አገኘው። አሮጌ ነው፣ ግን ይሠራል።

እሑድ ጠዋት ታናሽ እህቷ አይናለም ጎንደር ላይ ልትዳር ነው። እንደ እናት ያሳደገቻት ሣህሊቱ ናት፤ ድንበሩን ከተሻገረች ወዲህ ግን ዓይን ለዓይን አልተያዩም። አይናለም በስልክ ቁርጡን ነግራታለች፦ «ድምፅሽንማ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ፊትሽን እያየሁ ካልመረቅሽኝ ከቤት አልወጣም።» ሣህሊቱም የአብዱልናስርን ኢንተርኔት አስፈቅዳ፣ ላፕቶፑን በነጠላ ሸፍና ቀኑን ትጠብቃለች።

ዓርብ ዕለት ዳምጤ ነጠላውን ገለጠው።

«እትዬ ሣህሊቱ፣ ለሠርግ በዊንዶውስ ኤክስፒ? ዊንዶውስ ሰባት እያለ?»

«እንዳትነካው!»

«ሙሽኪላ ማፊ፣ ችግር የለም! ሚያ ሚያ፣ መቶ በመቶ ነው የማደርግልሽ።»

ወጧን አማስላ ስትመለስ አሮጌው ዊንዶውስ ጠፍቶ አዲሱ ገብቷል። ስክሪኑ እንዴት ያምራል! ብቻ ድምፅ የለውም፣ ካሜራው አያይም፣ ኔትም አይዝም። ዳምጤ በእርጋታ አስረዳት፦ ድራይቨር የሚባል፣ ለኮምፒውተሩ የየዕቃውን ጠባይ የሚነግር ፕሮግራም አለ፤ እሱ ከሌለ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው እንደማይተዋወቁ እንግዶች ናቸው። ከላፕቶፑ ሆድ ላይ የተለጠፈውን ስም ቀዳና ወደ ኢንተርኔት ቤት በረረ። በፍላሽ ይዞ መጣ፤ ላፕቶፑ «የእኔ አይደለም» አለ። ሌላ አመጣ፤ እሱንም አልቀበልም አለ። ቅዳሜ እንዲሁ መሸ። በእሱ ስልክ እንዳይደውሉ፣ የኢንጂነሩ ስልክ ራሱ እየተሻሻለ ስለነበር ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል።

እሑድ ጠዋት አይናለም ካሜራ በሌለው በሣህሊቱ ባለ ባትሪ ስልክ ላይ ደወለች። «ሙሽራውና ሚዜዎቹ ደርሰዋል። እኔ ግን ቁጭ ብያለሁ።»

ሣህሊቱ አገር ልብሷን እንደለበሰች እንባዋ መጣ። የተገለበጠውን ላፕቶፕ በንዴት ስታየው ግን አንድ ነገር ታያት። ክዳኑ ግራጫ ነው፤ ሆዱ ጥቁር።

«አንተ ኢንጂነር! ይሄ ጥቁር ሆድ ከየት መጣ?»

«አምና ነዋ! ሆዱ ተሰንጥቆብሽ ከሌላ ላፕቶፕ አዲስ ያለበስኩት…» ዳምጤ ቀጥ አለ። ለሁለት ቀን ሲያነበው የከረመው ስም የሌላ ላፕቶፕ ስም ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር፤ እሱ ግን ጮቤ ረገጠ። «እኔው ነኝ! እኔው ነኝ!» እያለ ወደ ሱቁ ተፈተለከ፤ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለችው።

ሱቁ ውስጥ ስትገባ አፏን ያዘች። «አዲስ እያለ በአሮጌ?» ባዩ አንድም አሮጌ ነገር አልጣለም። የአብዱልናስር ቬንትሌተር ማርሽ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽቦ፣ የትራክተሩ ጡሩንባ፣ ሁሉም የባለቤቱ ስም በጠመኔ ተጽፎበት ተሰቅሏል።

«ይናፍቃቸው ይሆናል ብዬ ነው» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈር ብሎ። «የሣህሊቱ» ከሚለው ስንጥቅ ሆድ ላይ ትክክለኛውን ስም አነበበ።

ትክክለኛው ድራይቨር ከኢንተርኔት ቤት መጥቶ፣ ሣህሊቱ ቤት ተጭኖ ላፕቶፑ ሲነሳ ዜማውን ለቀቀው፤ ሣህሊቱ እልልታዋን አቀለጠችው! ስክሪኑ ላይ አይናለም በነጭ ቬል ተንበርክካ ታየች። «ልጄ፣ የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ፣ ውለዱ ክበዱ!» ስትል፣ ከአጥር ማዶ የአብዱልናስር ሚስት እልልታ ተቀበለቻት። ጎንደርም ገዳሪፍም አንድ ቤት ሆኑ። ዳምጤ ጥግ ይዞ በእጅጌው ዓይኑን ይጠርጋል።

ሙሽራዋ ወጣች። ሣህሊቱ እንባዋን አብሳ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስንት ዓመት አንዴም ያላስቸገራትን ሬዲዮ አምጥታ ዳምጤ ጭን ላይ አስቀመጠችለት።

«እስቲ ይሄንንም እይልኝ፣ ኢንጂነር።»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም» አለችው።

ዳምጤ ፊቱ በራና ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ።