ከፖስተሩ የተረፈው ጣት

ፖስተር ሲቀደድ ያበቃለታል ያላችሁ ማነው? በደርግ ጊዜ፣ አምቦ ቀበሌያችን በር ላይ ጣቱን የቀሰረ ወታደር ተለጥፎ «አንተስ?» ይል ነበር። የለጠፈው ፈይሳም ከሥሩ ቆሞ እንደዚያው ይቀስራል። ወንድሜ ዘመተ፤ ፈይሳ ቀረ። ፖስተሩን ዝናብ ወሰደው፤ የፈይሳ ጣት ግን ይኸው የዕድራችን ዳኛ ሆኗል።

ባለፈው ሰሞን በዝናብ የለቅሶ ድንኳን የሚተክል ሰው ጠፋ። ፈይሳ ወንበሩ ላይ እንደተደላደለ «አንተስ? አንተስ?» እያለ ጎረምሳውን ሁሉ በጣቱ ይወጋል። እኔም ተነሥቼ ጣቴን ቀሰርኩበት።

«አንተስ፣ ኦቦ ፈይሳ?»

«አዴ ጫልቱ፣ እኔ እኮ አስተባባሪ ነኝ!»

«ያኔም አስተባባሪ ነበርክ። ወንድሜ አልተመለሰም። ተነሥ!»

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። ተነሣ። ምሰሶውን እስኪያቆም ድረስ ጣቴን አላወረድኩም።