ላይ ሠፈር ሞልቷል፣ ታች ሠፈር የለም

ሐበሻን የፈለጋችሁትን ጠይቁት፤ ያለውን ብቻ አትጠይቁት። ዕድሜውን ብትጠይቁት ቀንሶ ይነግራችኋል፤ ወዴት እንደሚሄድ ብትጠይቁት «እዚህ ነው፣ መጣሁ» ብሎ ላስ ቬጋስ ያድራል። ይኼ ሁሉ ደህና ነው። ያለውን የጠየቃችሁት ዕለት ግን መጀመሪያ እናንተን ነው ከእግር እስከ ራስ የሚያያችሁ። ሊሰጠው የመጣ ሰው ከመሰላችሁት «የለም»፤ ሊንቀው የመጣ ከመሰላችሁት «ሞልቷል»። ውሸት ነው እንዳትሉ። አስተዳደግ ነው።

ካላመናችሁ እዚሁ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ አንዱን ባለሱቅ «ሥራ እንዴት ነው?» በሉት። ውስጡ ሰው ጢም ብሎ፣ ደጁ ላይ ፓርክ ማድረጊያ ጠፍቶ፣ «ኧረ ተዉኝ፣ ዘንድሮስ ሞተናል» ይላችኋል። ያንኑ ሰውዬ ስለተወለደበት መንደር ጠይቁት ደግሞ። እዚያማ ምን ጠፍቶ! ማሩ፣ ቅቤው፣ ከአለት ሥር የሚፈልቀው ምንጭ... ይኼን ሁሉ ትቶ እዚህ ምን እንደሚሠራ ግን አትጠይቁት፤ ወዳጅነታችሁ ይበላሻል።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። መስኮቴ ግን ወደ መንገድ ነው የሚያየው።

ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ናሆም የሚባል ልጅ ይኖራል። ልጅ የምለው ከእኔ ስለሚያንስ ነው እንጂ ራሱ በራ ከሆነ ቆይቷል። ዶክተር ነው ሲሉኝ ጊዜ ደም ግፊቴን ይለካልኛል ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ደረጃው ላይ ጠበቅኩት። «እትዬ ብርቄ፣ እኔ እኮ የውሃ ዶክተር ነኝ» አይለኝም! ውሃ ደግሞ ምን ነካው? ለካስ ሚራክል ማይል የሚባለው ሠፈር አንድ ቢሮ ተቀምጦ፣ በረሃ ላይ ላሉ ከተሞች ከመሬት ሥር ምን ያህል ውሃ እንዳለ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ እየተሳበ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ በኮምፒውተር ያሰላል። ሞዴል ይሉታል። እኛም እኮ በረሃ ላይ ነን። የሕንጻችን ባለቤት ሣሩን ነቅሎ ጠጠር ካፈሰሰበት ወዲህ ርግቦቹ እንኳን ተቀይመውናል።

«ውሃውን ታየዋለህ?» አልኩት።

«አይታይም፤ ከመሬት ሥር ነው።»

«ታዲያ በምን ታውቃለህ?»

«ከዚህም ከዚያም ጉድጓድ የሰማሁትን አገናኛለሁ። እርስ በርሱ ከተስማማ የማላየውን እገምታለሁ።»

ይኼን ሥራ እኔ ያለ ኮምፒውተር ስሠራው ኖሬ፣ ስሙ ሐሜት ነው ተባልኩ። እሱ ሲሠራው ዶክተር!

እንግዲህ ወደ ነገሩ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቆላ ሰው ነበር። እኔ አገሩን በፎቶ ነው የማውቀው። አንድ ኮረብታ አለ፤ ከኮረብታው አናት «ላይ ሠፈር»፣ ከኮረብታው እግር ሜዳው ላይ «ታች ሠፈር»። ዝናቡ እንደ ባለሥልጣን ነው፤ ይመጣል ይባላል፣ ሕዝብ ወጥቶ ይጠብቃል፣ በዚያ በኩል ያልፋል። የባሌ እህት ታች ሠፈር ናት። ስሟ ዘነበች ነው፤ እናቷ ተስፋ የማትቆርጥ ሴት ነበረች ማለት ነው። ዘነበች ጉልበቷን ያማታል። በጋ ሲሆን በዚያ ጉልበቷ ደረቁ ወንዝ ድረስ ትሄድና አሸዋውን በእጇ ጭራ፣ ውሃው እስኪጠራቀም ተቀምጣ ትጠብቃለች። «እዚያው አሸዋው ላይ ነው የምቀረው፤ ሲያገኙኝ ይቀብሩኛል» ስትለኝ እየሳቀች ነው። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልስቅም።

የአገሩ ልጆች እዚህ ማኅበር አላቸው። እኔም በሟች ባሌ ወንበር እቀመጣለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወሬ መጣ፤ የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን ለሌላ ሥራ ከሠፈሮቹ አጠገብ ያለ ወረዳ ገብቷል፣ ክረምት መንገዱን ሳይዘጋው ለእኛም አንድ ጉድጓድ ቆፍሮልን ያልፋል። አንድ። ሁለተኛ የለም። ውሃ ካልተገኘበት ማሽኑ ይሄዳል፣ ዘነበች አሸዋዋን ትጭራለች።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ብዬ ናሆምን ጎትቼ ወሰድኩት። ስብሰባው ፌርፋክስ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ነው፤ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ስላለ ሁለቴ ይጸለያል፣ ከዚያ አንዴ እንጣላለን። ልጁ ጨዋ ነው፣ የሚያስፈልገውን በትሕትና ጠየቀ፤ የድሮ ጉድጓዶች የት ናቸው፣ ውሃው ምን ያህል ይርቃል፣ በጋ ይደርቃሉ ወይ?

መጀመሪያ የተነሡት ጋሼ ዳምጠው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ፓርኪንግ ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁንም ሲያወሩ እጃቸው መኪና ወደ ኋላ እንደሚያስገባ ሰው ይወዛወዛል። የላይ ሠፈር ሰው ናቸው። «ላይ ሠፈር? ላይ ሠፈር በእጅ ነው የሚጨለፈው!» አሉ። የላይ ሠፈር ልጆች አጨበጨቡ። ለታች ሠፈር ዘነበች ተደወለላት፤ ስልኩ ጠረጴዛ መሃል በስፒከር ተቀመጠ። አሜሪካ ያለ ዶክተር ነው የሚጠይቅሽ ተባለች። የሆነውን ገምቱ።

«ኧረ ጌታዬ፣ የምን ውሃ! አንድ የእጅ ጉድጓድ አለ፣ ስሙ ነው ጉድጓድ። ደረቅ ነው። አልቀናል!»

ናሆም ሁሉንም ጻፈ። የተማረ ሰው ችግሩ ይኼ ነው፤ የነገሩትን ይጽፋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዞ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ስክሪኑ ላይ ኮረብታው ሰማያዊ፣ ሜዳው ቀይ። ላይ ሠፈሮች ሰማያዊውን ሲያዩ ተነሥተው ተጨባበጡ፤ ውሃው የተገኘ መሰላቸው።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ልጁ። «ይኼ ሊሆን አይችልም። እንደነገራችሁኝ ከሆነ ውሃው ቁልቁል አልወርድም ብሎ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። ሶ፣ ሞዴሉ አልስማማም ብሏል። አንዳችሁ ትክክለኛውን አልነገራችሁኝም።»

ወዮ! በስብሰባ መሃል እንዲህ ይባላል? ጋሼ ዳምጠው ኮታቸውን ቆለፉ። «ማነው ውሸታም? እኔ ነኝ ወይስ ያ ዕቃህ?» አሉ። ከሩቅ፣ ከቫን ናይስ የሚመጣው ጸሐፊያችን፣ ፍሪዌይ ላይ መኪና ተጨናንቆበት ቆይቶ ገና መግባቱ ነው፣ ምን እንደተባለ ሳይሰማ «እኔም እቃወማለሁ» አለ።

ናሆም ግን ሞኝ አልነበረም። ያን ሳምንት እኔ ጋ እየወረደ ሻይ ሲጠጣ፣ እኔም ስለ ሕንጻው ሰው ያለውን የሌለውን ስነግረው፣ ነገር በጎን እንደሚጠየቅ ሳይማር አልቀረም። ስለ ውሃ ዳግመኛ አላነሣም። ለዘነበች አስደውሎ፣ ስልኩን ወደ አፉ ጠጋ አድርጎ «እትዬ ዘነበች፣ ለመሆኑ የጉድጓዱ ገመድ ስንት ክንድ ነው?» አላት።

«ገመዱ? እንጃ፣ ረጅም ነው።»

«በጋ ሲሆን ታስረዝሙታላችሁ?»

«ምን ያስረዝመዋል? በጋም ክረምትም ያው ገመድ ነው። አፉ ጠባብ ሆኖ ተራ አይደርስም እንጂ። ደግሞ መሳቡ ነው ወገቤን የቆረጠው፤ ባልዲው ሲሞላ ይከብዳል።»

«በምን ሲሞላ?»

ከጀርባዋ አህያ ሲያናፋ ተሰማ።

«በአሸዋ» አለች።

እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ሳቄን ዋጥኩ። ጋሼ ዳምጠው ግን እንደ ልጅ ተንከተከቱ፤ ተራው የእሳቸው መሆኑን አላወቁም።

«ጋሼ፣ በልጅነትዎ ልብስ የት ነበር የምታጥቡት?» አላቸው ናሆም፣ ድምፁ ማር ነው።

«ቁልቁል ወርደን፣ ታች ሠፈር ነዋ! እየዘፈንን! ምን የመሰለ...»

«በእጅ የሚጨለፍ ውሃ ላይ እያለ?»

እጃቸው መሃል አየር ላይ ቆመ። መኪናዋ ግድግዳ ነካች።

«ለንፋሱ ነው» አሉ። «ታች ንፋሱ ቶሎ ያደርቃል።»

ልጁ እዚያው ቁጭ ብሎ የአሸዋውን ባልዲና የንፋሱን ልብስ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተ። ቀለሙ ተገለበጠ፤ ሜዳው ሰማያዊ፣ ኮረብታው ቀይ። ታች ሠፈር ይቆፈር አለ።

«ውሃ አለ ወይስ የለም?» ተባለ።

«ዕድሉ ጥሩ ነው።»

«አለ ወይስ የለም?»

«ዕድሉ ጥሩ ነው።»

«ይኼንንማ ጠንቋይም ይለዋል!» አሉ ጋሼ ዳምጠው። ላይ ሠፈሮች ሆ አሉ። ነገሩ በድምፅ ብልጫ ይወሰን የሚል ሐሳብ ቀረበ። ልብ በሉልኝ፣ ውሃ ከመሬት ሥር የት እንዳለ ፌርፋክስ ላይ እጅ ወጥቶ ሊቆጠር ነው! በቁጥር ደግሞ ላይ ሠፈሮች ይበዛሉ፤ በሰዓቱ ይመጣሉ። የናሆም ፊት አመድ መሰለ። እኔ ዘነበችን በሐሳቤ አየኋት፤ አሸዋው ላይ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ተቀምጣ።

ተነሣሁ። ሴት ስትነሣ ምግብ ልታመጣ ስለሚመስላቸው ዝም ይላሉ።

«እኔ አልተማርኩም» አልኩ። «ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ጋሼ ዳምጠው የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ላይ ሠፈር በእጅ ይጨለፋል ብለዋል። የእሳቸውን ቃል ማን ይጠራጠራል? ታዲያ ለሞላው ሠፈር ጉድጓድ ምን ያደርግለታል? ችግረኞቹ እኛ ታች ሠፈሮቹ ነን። ወይስ ላይ ሠፈርም ውሃ የለውም?»

ሰውዬው ዘመዶቻቸውን አዩ፤ ዘመዶቻቸው የምግብ ዝርዝሩን ያነባሉ። የለም ቢሉ ያ ሁሉ ዘመን የተወራለት አገር ምን ሊባል ነው? ቀስ ብለው ተነሥተው፣ ልክ እንደ ንጉሥ፣ «ላይ ሠፈር ምንም አልጎደለበትም። ለሌላቸው ይቆፈር!» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ሳይንስ ያቃተውን ጉራ ጨረሰው።

ማሽኑ ታች ሠፈር ቆፈረ፤ ውሃው ወጣ። ዘነበች ደውላ እልልታዋን ስትለቀው ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ያዝኩት። ወንዝ መሄድ ቀረ። ያን ቀን ያለቀስኩት ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ነው፤ እንዳታጋንኑት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ናሆም ግን የሠራውን ሠርቶ የሚተኛ ሰው አይደለም። አገሩ ዝናብ አጥ ነው፣ ከመሬት ሥር ያለው ቶሎ አይተካም፣ ማን ምን ያህል እንደሚቀዳ ካላወቅኩ ይደርቅባቸዋል አለ። እዚያ ያለ አንድ አስተማሪ የውሃውን ከፍታ በየሳምንቱ እየለካ ይልክለታል። የሚቀዳውን ለማወቅ ጋሼ ዳምጠው ጋ ሄደ፤ እኔም መንገዴ ስለሆነ አብሬ ነበርኩ።

«ከላይ ሠፈር ስንት ሰው ወርዶ ይቀዳል?»

«ማንም! ሞልቶናል አላልኩህም?»

«በየማለዳው ከኮረብታው የሚወርደው ሰልፍስ? ፎቶ ተልኮልኛል።»

«ዘመድ ጥየቃ ነው።»

«ጀሪካን ይዘው?»

«ታዲያ ባዶ እጅ ዘመድ ይጠየቃል?»

ዘነበችን ደግሞ ጠየቃት፤ እናንተ ታች ሠፈሮችስ? «ኧረ ጌታዬ፣ እኛ ምን ቀዳን፤ ለመድኃኒት መዋጫ ነው» አለችው። ሌላ ጉድጓድ ሊቆፍርላት የደወለ መስሏታል። ስለ ገመድ እንዳይጠይቃት፣ አሁን ገመድ የለም፤ ፓምፕ ነው።

ትናንት ማታ ናሆም ላፕቶፑን ታቅፎ በሬን አንኳኳ። ላይ ሠፈር አልቀዳም፣ ታች ሠፈር አልቀዳም፣ ውሃው ግን በየሳምንቱ ዝቅ እያለ ነው። ወጪ የሚለው ቦታ ላይ አንድ ነገር ካልተጻፈ ኮምፒውተሩ አልሠራም ብሏል።

«ታዲያ ምን ብለህ ጻፍከው?» አልኩት።

«ትነት» አለኝ።

ግባ አልኩት። ምን ይባላል? አገሩ ሞቃት ነው።