የጋሼ መገርሳ ተማሪ

[መቱ፣ ጠዋት። ጡረተኛው መምህር መገርሳና ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ወልደ የሱስ ለስኳር ቀጠሮ ወደ ጤና ጣቢያ በእግር እየሄዱ ነው። ወልደ የሱስ ባጃጅ ለማስቆም እጁን ያወጣል።]

መገርሳ፦ እጅህን አውርድ። በእግር ነው ብያለሁ።

ወልደ የሱስ፦ ጋሼ፣ ባጃጅ ውስጥም እኮ በዚህ መንገድ ሰውነት ሲናጥ ነው የሚውለው። እንቅስቃሴ አይባልም?

መገርሳ፦ የተንቀሳቀሰው ባጃጁ ነው። ስድስት ወር ሳስተምርህ ይህ አልገባህም? ቁርስ ምን በላህ?

ወልደ የሱስ፦ ስኳር አልነካሁም። ዳቦ በማር።

መገርሳ፦ በማር?

ወልደ የሱስ፦ የሁሩሙ ማር ነው። ንብ ስኳር ከየት ታመጣለች?

መገርሳ፦ ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ደም ውስጥ ከገባ በኋላ አገሩን ማን ይጠይቀዋል? እኔ እንኳ አርአያ ልሁንህ ብዬ ማር ከቤቴ አስወጥቻለሁ። እግርህንስ ማታ አየኸው?

ወልደ የሱስ፦ አየሁት። ሁለቱም አሉ።

መገርሳ፦ ውስጥ እግርህን ነው ያልኩህ፣ ቁስል እንዳይኖር። ባለፈው ወር እንዴት እንደሚታይ ላሳይህ ብዬ የራሴን በመስታወት ሳይ ምን አገኘሁ?

ወልደ የሱስ፦ ቁስል።

መገርሳ፦ ምንም አልተሰማኝም ነበር። አንድ ሳምንት ብዘገይ ጣቴን ላጣ እችል እንደነበር ነርሷ ዬሮሳን ነገረችኝ። አንተን ባላስተምር ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር።

ወልደ የሱስ፦ ተመስገን ነው። አለማወቄ ጠቀመ።

[ጤና ጣቢያ ደርሰዋል። መገርሳ ካርድ ክፍል ጠይቀው ይመለሳሉ።]

መገርሳ፦ የእኔን ካርድ አወጡ። ያንተ የለም ይላሉ። ይኸን ሁሉ ጊዜ ያለ ካርድ ነው የምትታከመው?

ወልደ የሱስ፦ የለኝም፣ ጋሼ።

መገርሳ፦ ካርድ?

ወልደ የሱስ፦ ስኳር።

[መገርሳ አግዳሚው ላይ ቁጭ ይላሉ።]

መገርሳ፦ ሳያምህ ነው በየጠዋቱ በሬን የምታንኳኳው?

ወልደ የሱስ፦ ባለቤትዎ እትዬ ተጂቱ ስፌት ቤቴ መጥተው አለቀሱ። እርስዎ እንክብሉን ትራስ ስር እንደሚደብቁ፣ የመከረዎትን ሁሉ «እኔ ሰው አስተማርኩ እንጂ ሰው አያስተምረኝም» ብለው እንደሚያባርሩ ነገሩኝ። ልምከርዎ ብዬ ብመጣ እኔንም ያባርሩኛል። ስለዚህ «ስኳር ያዘኝ፣ ያስተምሩኝ» ብዬ መጣሁ።



መገርሳ፦ እኔ እኮ ማታ ማታ ለተጂቱ «ይህ ምስኪን ያለ እኔ ምን ይውጠው ነበር?» እላት ነበር።

ወልደ የሱስ፦ እሳቸውም ስለ እርስዎ ለእኔ የሚሉኝ ይህንኑ ነው።