ስለ ትርፉ ገመድ አወጋገድ

ገመድ አልባ የተባለ ነገር ስለ ምን አሥራ አምስት ሜትር ገመድ ይፈልጋል? ይህን ጥያቄ በሰባተኛ ክፍል ትምህርቴ መርምሬ መልስ አላገኘሁለትም። መልስ ማጣት ግን እርምጃ ከመውሰድ አላገደኝም፤ ቤት ማስተዳደር ማለት ይኸው ነው።

የልጅ ልጄ ከሰባት ወር ፍለጋ በኋላ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠራች፤ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት፣ በኮምፒውተር፣ ከመኝታ ክፍሏ ሆና። ኢንተርኔቱ ደግሞ ሳሎን ካለችው ሣጥን ተነሥቶ እሷ ክፍል ሳይደርስ ይደክመዋል። ስለዚህ ባለሙያ መጣ። ከሳሎኗ ሣጥን ገመድ ስቦ፣ በኮሪደሩ አሳልፎ፣ ከልጅቷ በር በላይ ከሰቀላት ሁለተኛ ሣጥን ጋር አገናኘው።

«በገመድ የመጣላትን ይቺ ያለ ገመድ ትረጨዋለች፣ እማማ» አለኝ።

«ሰው ላይ?»

«ክፍሉ ውስጥ።»

ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ ትርፍ ሳይ እጄን ይበላኛል። ገመዱ ኮሪደሩ ላይ ተልፈስፍሶ ተኝቷል። ልጅቷ ተጠልፋ ብትወድቅስ? ጥርሷ ቢረግፍስ? ጥርሰ ወላቃ ማን ይቀጥራል? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ለቤተሰቡ ደኅንነት ሲባል፣ ሁለት ክንድ ትርፍ በመቀሴ ቆርጬ አነሣሁለት። ጫፍና ጫፉን አጥብቄ ቋጠርኩ፤ በጨርቅ ጠቅልዬም ዙሪያውን ሰፋሁት። ሁለተኛዋን ሣጥን ብመለከት ከአራት መብራቶቿ ሦስቱ በርተዋል። ከመቶ ሰባ አምስት! በእኛ ጊዜ ይህን ያመጣ ይሸለም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጩኸት ሰማሁ።

«አያቴ! ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔት ግን የለም!»

«ሙሉ ከሆነ ምን ጎደለሽ?»

«ሳሎን ልሂድ በቃ!»

«አያትሽ በፒጃማ ተጋድሞ? ቀጣሪ ፊት?» ብዬ ክብሯን ጠበቅኩላት።

በስልክ የተጠራው ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ ስለ ዘመኑ ባለሙያ ጥድፊያና ግዴለሽነት ሰፋ ያለ ንግግር አደረግሁ። ባለቤቴ ከሶፋው ሳይነሣ አቋረጠኝ።

«አንቺ የነካሽው ነገር የለም?»

«እኔ የነካሁት ነገር ሁሉ የጸና ነው!»

በንግግሬ መካከል የልጅቷ ስልክ ላይ መልእክት ገባ፤ ቀጣሪዎቹ ሩብ ሰዓት ጠብቀው ወደሚቀጥለው ተወዳዳሪ አልፈዋል።

ባለሙያው አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ገመዱን በእጁ እየዳበሰ ሄዶ ሄዶ ጨርቁ ላይ ቆመ።

«ይህን የሰፋው ማነው?»

ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። «የሷ ስፌት ነው። የኔም ሱሪ ላይ አለ።»

«እማማ፣ ውስጡ እኮ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። እያንዳንዱ ከጓደኛው ጋር ካልተገናኘ…»

«ቋጠሮውስ? ላልቷል?»

«ኧረ! ብጎትተው ብጎትተው አልፈታ አለኝ።»

«አየህ!» አልኩት ባለቤቴን።

ባለሙያው ስፌቴን ከነቋጠሮው ቆርጦ ጣለና አዲስ ገመድ ዘረጋ። አራተኛው መብራት በራ። የልጅ ልጄ በተኮስኩላት ነጭ ሸሚዝ ከክፍሏ ወጣች።

«ይኸውልሽ፣ ከመቶ መቶ!» አልኳት።

ቦርሳዋን አነሣችና ከቤት ወጣች። በሩን እንኳ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ምነው ድርግም አድርጋ በዘጋችው! እኔም የምቆጣበት ነገር ባገኘሁ ነበር።